ተመላላሽ አትክልተኛ ሆኖ በሰው ግቢ መሥራት፦ ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ ወር ሒሳብ

በአዲስ አበባ ከግቢ ግቢ እየተመላለሱ አትክልት የሚንከባከቡ ሰዎች ሥራውን የሚተዉት መኮትኮት አቅቷቸው አይደለም። አብዛኞቹ የሚሰናከሉት ገና መቀሱን ሳያነሡ ነው። ግቢውን ሳይዞሩ ዋጋ ይናገራሉ። በበጋ የተስማሙበት ገንዘብ ሐምሌ ሲገባ ለታክሲ እንኳ አይተርፍም። «እግረ መንገድህን» እየተባለ መኪና ማጠብና ጀሪካን ማመላለስ ይጨመርባቸዋል፤ በመጨረሻ ተጣልተው ይወጣሉ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህን ለማስቀረት የተጻፈ ነው። ወራቱና የውሃው ልክ የአዲስ አበባና የመሰል ደጋ ከተሞች ናቸው፤ አዳማ ወይም ሐዋሳ የምትሠሩ የማጠጫውን ክፍል ለሙቀቱ እያስተካከላችሁ አንብቡት።

1ኛ ደረጃ፦ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

መሣሪያ

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የእጅ መቀስ፣ አጥር መከርከሚያ ትልቅ መቀስ፣ መኮትኮቻ፣ ማጭድ፣ ትንሽ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ለቅጠል መሰብሰቢያ ሁለት ባዶ ጆንያ። አካፋ፣ ዶማ፣ የውሃ ጎማና ጋሪ ግን ከአብዛኛው ግቢ አይጠፉም፤ በታክሲ ተሸክማችሁ አትንገላቱ።

ገንዘባችሁን በቅድሚያ በእጅ መቀሱ ላይ አውሉት። ሱቅ ውስጥ ቀጭን እርጥብ ቅርንጫፍ ቁረጡበት፤ ቁርጡ ጥርት ካላለና ልጡ ተጨፍልቆ ከተንጠለጠለ አትግዙት። የተጨፈለቀ ግንድ ቶሎ አይድንም፣ በክረምት ደግሞ ይበሰብሳል።

የሣር ማጨጃ ማሽን ለመግዛት አትቸኩሉ። ዕቁብ የወጣለት አትክልተኛ ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ይህን ማሽን ነው፤ ሰፋፊ ሣር ያላቸው አራት አምስት ደንበኞች ሳይኖሩት የገዛ ሰው ግን ማሽኑን ሲያስጠግን ይከርማል። እስከዚያው ማሽን ባለበት ግቢ በባለቤቱ ማሽን፣ በሌለበት በማጭድና በትልቁ መቀስ ሥሩ።

በየመሣሪያችሁ እጀታ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። የእናንተ መኮትኮቻና የግቢው መኮትኮቻ ተመሳሳይ ናቸው፤ ስትወጡ በር ላይ «ይኼ የእኛ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንዳይነሣ ቀለሙ ይናገርላችኋል።

ንጽሕና

ከአንድ ግቢ ወደ ሌላው ስትሄዱ በመቀሳችሁ ላይ በሽታ ይዛችሁ እንደምትሄዱ አትርሱ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ምላጩን ንከሩ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁና ጥቂት ዘይት ቀቡት። በረኪናው ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል። አልኮል ካላችሁ በጨርቅ መወልወሉ ይበቃል።

ወረቀት

የመታወቂያችሁን ቅጂ ያዙ። ብዙ ቤት «ተያዥ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተያዥ የሚሆናችሁን ሰው አስቀድማችሁ አነጋግሩ እንጂ ሥራው ከተገኘ በኋላ መሯሯጥ አትጀምሩ። አንድ ደብተርም ያዙ፤ ለእያንዳንዱ ግቢ አንድ ገጽ።

2ኛ ደረጃ፦ ደንበኛ የምታገኙበት ቦታና ጊዜ

አንድ ሰፈር ምረጡና ከዚያ አትውጡ። ጠዋት ሲኤምሲ፣ ከሰዓት አሮጌው ኤርፖርት የሚሠራ ሰው የቀኑን ግማሽ በመንገድ ላይ ያሳልፋል። በየመንገዱ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ማን ችግኝ እንደሚገዛ ስለሚያውቁ ስልካችሁን ከእነሱ ዘንድ ተዉ። ቀጥለው የሚጠቅሟችሁ የግቢ ጥበቃዎች ናቸው። በደላላ ከገባችሁ ኮሚሽኑ ከመጀመሪያው ወር ብቻ እንጂ በየወሩ እንደማይቆረጥ አስቀድማችሁ አስረግጡ።

ለመጀመር የተሻለው ጊዜ የነሐሴ መጨረሻ ነው። ክረምቱ ሙጃውን አሳድጎታል፣ እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ሰው ግቢውን ማጽዳት ይፈልጋል። ሁለተኛው በር የጥር ሠርግ ነው፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ግቢ የሚያሳምር ሰው ይፈለጋል።

3ኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያው ጉብኝት

በዚህ ቀን ምንም አትቁረጡ፤ ዋጋም አትናገሩ። «እስቲ ይህችን ብቻ ከርክምልኝ» ቢሏችሁ እንኳ በትሕትና አሳልፉት። የዛሬው ሥራ ማየትና መጠየቅ ነው።

ከበሩ ጀምራችሁ በቀኝ በኩል አጥሩን ተከትላችሁ ዙሩ፤ ከዚያ ወደ መሀል ግቡ። መሀሉን ቀድሞ ያየ ሰው ጓሮውን ይረሳዋል፤ አብዛኛው ድካም ያለው ደግሞ ጓሮ ነው። የሣሩን ርዝመትና ስፋት በእርምጃ ለኩ፣ የአጥሩን ቁመት ያዙ፣ መሰላል የሚጠይቅ ነገር መኖሩን ልብ በሉ።

አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት። ጥቁር አፈር ከሆነ እርጥቡ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ላይ ውሃ ስለሚያቁር ከዝናብ በኋላ ልትረግጡት አትችሉም። ቀይ አፈር ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፤ በበጋ ግን ቶሎ ይጠማል። ይህ ልዩነት የሥራ ቀናችሁን ስለሚወስነው በደብተሩ ላይ ይስፈር።

እነዚህን ጥያቄዎች ሳትጠይቁ አትውጡ፦

- ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው? ሮቶ አለ? ከሮቶው ለአትክልት መጠቀም ይፈቀዳል?
- የቧንቧው መሥመር፣ የውሃ ቆጣሪው፣ የመብራት ገመዱና የፍሳሽ ጉድጓዱ በየት በኩል ናቸው?
- ውሻው የሚታሠረው ስንት ሰዓት ነው? ማን ያሥረዋል?
- ቅጠሉና ቁጥቋጦው የት ይጣላል? የሚወስደው ማን ነው?
- እንዳይነካ የምትፈልጉት ተክል የትኛው ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። አንዲት የተጎሳቆለች ጽጌረዳ ለእናንተ መነቀል ያለባት ትመስላለች፤ ለባለቤቷ ግን የሟች እናቷ እጅ የተከላት ናት። ጓሮ ጥግ ላይ እንደ አረም የተንዠረገገው ኮሰረት፣ ጤና አዳሙ፣ የጥብስ ቅጠሉና ጠጅ ሣሩ የወጥ ቤቱ ንብረት ናቸው። ኮሰረትን ከአረም ጋር አብሮ ነቅሎ ከእመቤቲቱ ጋር የተጣላ አትክልተኛ ጥቂት አይደለም። በምትዞሩበት ጊዜ ወጥ ቤት የምትሠራዋን ሴት አብራችሁ ጥሩ፤ ባለቤቱ የማያውቀውን እሷ ታውቃለች።

ስትወጡ፦ «ነገ በስልክ ዋጋውን እነግርዎታለሁ» ብላችሁ ተሰናበቱ። በር ላይ ቆሞ የተነገረ ዋጋ ሁልጊዜ ያንሳል።

4ኛ ደረጃ፦ ዋጋ ማውጣት

ዋጋ የምታወጡት በቀን ሳይሆን በዓመቱ ሰዓት ነው። የደጋ ግቢ በዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ግቢ ነው፤ በክረምት ሣሩ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል፣ በበጋ ደግሞ ካላጠጣችሁት ይተኛል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የምትሄዱበት ግቢ ከሰኔ እስከ መስከረም በእያንዳንዱ ጉዞ 4 ሰዓት ይወስዳል እንበል፤ በወር 16፣ በአራቱ ወራት 64 ሰዓት። በቀሩት ስምንት ወራት በእያንዳንዱ ጉዞ 2 ሰዓት ተኩል ቢወስድ በወር 10፣ በጠቅላላው 80 ሰዓት። ድምሩ 144፤ ለ12 ሲካፈል በወር 12 ሰዓት። ዋጋ የምትጠሩት በዚህ 12 ሰዓት ነው። ግቢውን በጥር አይቶ በ10 ሰዓት የተዋዋለ ሰው በክረምቱ በየወሩ 6 ሰዓት በነፃ ይሠራል ማለት ነው።

የአንድ ሰዓት ዋጋን ለማግኘት በሰፈሩ የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ጠይቁና ለ8 አካፍሉ። ከዚያ እጥፍ አድርጉት። እጥፉ ስስት አይደለም፤ መሣሪያው የእናንተ ነው፣ በዝናብ የሚቀረው ቀን የእናንተ ነው፣ ሲታመሙም የሚከፍል የለም። በመጨረሻ የአራቱን ጉዞ ታክሲ ጨምሩ።

የመጀመሪያውን ምንጣሮ በወር ክፍያው ውስጥ አትክተቱ። ስድስት ወር የተተወ ግቢን ማጽዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለብቻው ተዋዋሉ፣ ግማሹን በቅድሚያ ተቀበሉ።

«ውድ ነው» ሲባል

ከዋጋው ስትቀንሱ ከሥራውም ቀንሱ። እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ ከበዛብዎት የጓሮውን መደብ እንተወውና እንቀንሰው። ሥራው እንዳለ ሆኖ ዋጋው ብቻ ከቀነሰ ግን ክረምቱን አልዘልቅልዎትም።» ይህን ሰምቶ የሚቆጣ ሰው በሐምሌም የሚቆጣ ነውና ትታችሁት ሂዱ።

በጽሑፍ ማስፈር

ጠበቃ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ወይም በስልክ መልእክት ልካችሁ «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ተቀበሉ። እንዲህ መሆን ይችላል፦

«ሥራ፦ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት። የሚካተት፦ የፊቱን ሣር ማጨድ፣ አጥሩን በወር አንድ ጊዜ መከርከም፣ የአበባ መደቦችን መኮትኮት፣ በመጣሁበት ቀን ማጠጣት፣ ቅጠል መጥረግ። የማይካተት፦ ዛፍ መቁረጥ፣ አዲስ ተከላ፣ አፈርና ፍግ ማስገባት፣ የግቢ እጥበት። በሌሎቹ ቀናት የሚያጠጣው የግቢው ጥበቃ ነው። ችግኝ፣ ፍግና ማዳበሪያ በባለቤቱ ወጪ ይገዛሉ። ክፍያ በየወሩ 30 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትታሰባለች። ዝናብ ካስቀረን ሥራው በማግስቱ ይሠራል። ውሉን የሚያቋርጥ ወገን ከ15 ቀን በፊት ያሳውቃል።»

የወሩን አቆጣጠር መጻፍ ቀልድ አይምሰላችሁ። ደመወዙን በፈረንጆች ወር የሚቀበል ደንበኛ የሚከፍላችሁም በዚያው ነው፤ እናንተ የቤት ኪራይ የምትከፍሉት በኢትዮጵያ ወር ከሆነ በየጊዜው አሥር ቀን ትሟገታላችሁ። «በሌሎቹ ቀናት የሚያጠጣው» የሚለው መሥመርም አይቅር፤ ተክል ሲደርቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው።

ችግኝ ስትገዙላቸው ደረሰኝ አምጡ። ከችግኝ ሻጩ ጋር ተስማምቶ በስውር ትርፍ መጨመር አንድ ወር ያበላል፤ ደንበኛው በዚያው መንገድ ሲያልፍ ዋጋ የጠየቀ ቀን ግን ሰፈሩ ሁሉ ይዘጋል።

5ኛ ደረጃ፦ የአንድ ቀን ሥራ ቅደም ተከተል

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሩ። ደረቅ በጋ ከሆነ በዋዜማው ለጥበቃው ደውላችሁ መደቦቹን እንዲያጠጣ ጠይቁ፤ በነጋታው አረሙ ከነሥሩ ይወጣል።

1. ግቢውን አንድ ጊዜ ዙሩ። ድንጋይ፣ ሽቦ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የውሻ ዓይነ ምድር ከሣሩ ላይ አንሡ። ማሽን ድንጋይ ሲያገኝ መስኮት ይሰብራል።
2. ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፦ መጀመሪያ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ አጥር፣ ከዚያ ቁጥቋጦ። ቀድማችሁ ከጠረጋችሁ ሁለት ጊዜ ትጠርጋላችሁ።
3. መደቦቹን ኮትኩቱ፣ አረም ንቀሉ።
4. ሣሩን እጨዱ፣ ጠርዙን አስተካክሉ።
5. ጥረጉ፣ ሰብስቡ።
6. በመጨረሻ አጠጡ። በእርጥብ አፈር ላይ እየተመላለሱ መሥራት አፈሩን ይደፈጥጠዋል።
7. ባለቤቱን ወይም ወኪሉን ጠርታችሁ አሳዩ፤ በደብተሩ ላይ ቀኑንና የተሠራውን ጻፉ።
8. ስትወጡ ቦርሳችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ ለጥበቃው አሳዩ። ሳትጠየቁ አድርጉት፤ በወሩ መጨረሻ አንድ ነገር ቢጠፋ ስማችሁ አይነሣም።

6ኛ ደረጃ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሥራዎች

ማጠጣት

በየቀኑ ላዩን ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ውሃው በፈረቃ ሁለት ቀን ሲቀር ተክሉ ይጠወልጋል። በሳምንት ሁለቴ፣ ግን በደንብ አጠጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ጫፉ ላይ ደረቅ ከሆነ አልጠጣም። ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ አታጠጡ። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ረግረጋማና ዝቅተኛ ቦታ ላይ ውርጭ ስለሚወርድ እርጥብ ቅጠል ይጠቁራል። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይሻላል።

ሣር

በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ክረምት ላይ ሁለት ሳምንት ቀርታችሁ ሣሩ ጉልበት ከደረሰ መሬት ድረስ መላጨት ያጓጓል፤ በነጋታው ግን ግቢው ቢጫ ይሆናል። ዛሬ ሲሶውን፣ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ሌላውን። ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢተውለት አረሙን ራሱ ያፍነዋል። እርጥብ ሣር አትጨዱ፤ ማሽኑን ያንቃል፣ ጥቁር አፈር ላይም የእግራችሁ ዱካ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

የአረሞቹ ጠባይ ይለያያል። ሙጃን ሳያፈራ ብቻ ንቀሉት፤ ቀላሉ እሱ ነው። እንግጫ ከመሬት በታች ፍሬ ስላለው ቅጠሉን መሳብ ከንቱ ነው፣ በመኮትኮቻ ጫፍ ቆፍራችሁ ፍሬውን አውጡ። ሰርዶ የአበባ መደብ ውስጥ ከገባ በመኮትኮቻ አትከታትፉት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ሰርዶ ይሆናል። አፈሩን በእጃችሁ እያላላችሁ ሥሩን እንደ ክር ተከትላችሁ ሳቡ።

ጽጌረዳና ቡጋንቪሊያ

ጽጌረዳን ጠበቅ አድርጎ ለመከርከም ዝናቡ የሚያበቃበትን የመስከረም መጨረሻ ምረጡ። መጀመሪያ የደረቀውን፣ ከዚያ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ከዚያ ቀጫጭኑን አውጡ። የቀረውን ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣበት እብጠት) በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ አጋድማችሁ ቁረጡ። ዓይኑ ወደ ውስጥ ካየ አዲሱ ቅርንጫፍ መሀል ገብቶ ይታፈናል። በተረፈው ጊዜ የጠወለገውን አበባ ብቻ ቁረጡ።

ቡጋንቪሊያ «አላበበም» ከተባለ ብዙውን ጊዜ ጥጋብ ነው። ብዙ ውሃና ብዙ ፍግ ቅጠል እንጂ አበባ አያወጣለትም። ውሃውን ቀንሱ፣ አበባው ካለፈ በኋላ ከርክሙ፣ ፀሐይ የጋረደበትን ቅርንጫፍ አንሡለት።

አጥር

የአጥሩን እግር ከአናቱ ሰፋ አድርጉት። አናቱ ከሰፋ ጥላው ታችኛውን ክፍል ያራቁተዋል። ዱራንታ ተሳስታችሁ ብትቆርጡት እንኳ ይመለሳል። የፈረንጅ ጽድ ግን አይመለስም፤ አረንጓዴው አልቆ ቡናማው እንጨት እስኪታይ ከቆረጣችሁት ቀዳዳው ለዘለዓለም ይኖራል። ባለቤቱ «ወደ ውስጥ አስገባው» ቢል እንኳ ይህን አስረዱና በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቁረጡ።

ፍግና ዩሪያ

ከላሞች በረት ትኩሱን የመጣ ፍግ ሥር ላይ አታድርጉ፤ ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ቢያንስ ሦስት ወር ተቆልሎ፣ እየተገላበጠ ይብሰል። የበሰለ ፍግ አይሸትም፣ አይሞቅም፣ በእጅ ሲያዝ ይፈረፈራል።

ዩሪያ ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ስለሆነ እንደ ጨው መበተን አይቻልም። ለ10 ካሬ ሜትር ሣር 100 ግራም ይበቃል። የሣሩ ቅጠል እርጥብ ባልሆነበት ሰዓት በትኑና ወዲያው በብዙ ውሃ አውርዱት።

7ኛ ደረጃ፦ አደጋ

በውሃ ፕላስቲክ እየተቀዳ፣ ስም ሳይኖረው የሚሸጥ መድኃኒት አትግዙ። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ኬሚካል በሰው ግቢ፣ ልጅና ውሻ ባለበት፣ አትርጩ። ለክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ ለሚመጡት ጥቃቅን ተባዮች) በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፤ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክራችሁ በማግስቱ ካልተቃጠለ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ የቅጠሉን ጀርባ እየገለጣችሁ እርጩ። በየአራት አምስት ቀኑ ደጋግሙት። ባለቤቱ ራሱ የገዛውን መድኃኒት እንድትረጩ ከጠየቀ ከነማሸጊያው ይስጣችሁ፤ መለያውን ሳታነቡ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳታደርጉ፣ በነፋስ ቀን አትንኩት።

ቅንጭብ ያለበት አጥር ስትቆርጡ መነጽር አድርጉ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፤ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሮዝና ነጭ የሚያብበው ኦሊያንደር ቅጠሉ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው፤ አታቃጥሉት፣ ከሣሩ ጋር አትቀላቅሉት። የታጨደ ሣር ለበግ ወይም ለላም የሚጠይቅ ጎረቤት አይጠፋም። መድኃኒት የተረጨበት፣ ዩሪያ በቅርቡ የተበተነበት ወይም ኦሊያንደር የገባበት ከሆነ አትስጡ።

ኤሌክትሪክ ገመድ የነካ ወይም የተጠጋ ዛፍ የእናንተ ሥራ አይደለም። ባለቤቱ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ያመልክት። ትልቅ ዛፍ ከመቁረጥ በፊትም ባለቤቱ ከወረዳው ፈቃድ ይጠይቅ፤ በአፍ «እኔ እፈቅዳለሁ» አይበቃም። የኤሌክትሪክ ማጨጃ ስትጠቀሙ ገመዱ በትከሻችሁ ላይ ሆኖ ከኋላችሁ ይምጣ። መብራት ሥራ መሀል ከጠፋ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ምላጩን የሚያጸዱ ጣቶች ላይ መብራቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

8ኛ ደረጃ፦ ነገር ሲበላሽ

ቧንቧ ቆረጣችሁ። ወደ ቆጣሪው ሮጣችሁ መዝጊያውን ዝጉ፤ ቦታውን በጉብኝቱ ቀን መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዚያ ለባለቤቱ ደውሉ። የከመነዳሪ ቁራጭ አጥብቆ መጠቅለል እስከ ማታ ያቆየዋል፣ ነገር ግን አፈር አልብሳችሁ አትሂዱ። መሥመሩ በዚያ እንደሚያልፍ ያልነገሯችሁ ከሆነ ስለ ወጪው ተነጋገሩ፤ ነግረዋችሁ ከሆነ ለጠጋኙ እናንተ ክፈሉ።

ዩሪያው በዛ። ቅጠሉ ከመቃጠሉ በፊት በተከታታይ ሁለት ቀን በብዙ ውሃ እጠቡት። ከተቃጠለ አትጨዱት፣ ሌላ ማዳበሪያም አትጨምሩ፤ ሥሩ ካልሞተ በራሱ ይመለሳል።

የተከላችሁት ደረቀ። አትሟገቱ፤ ንቀሉትና ሥሩን ለባለቤቱ አሳዩ። ሥሩ ደርቆ ቢሰባበር ውሃ አጥቷል፤ ጠቁሮ ቢላላና ቢሸት ውሃ በዝቶበታል። ከፕላስቲኩ ሳይወጣ ተተክሎ ከተገኘ ጥፋቱ የእናንተ ስለሆነ ተኩለት።

ድንኳን ሣሩን ቢጫ አደረገው። ከሠርግ ወይም ከለቅሶ በኋላ የተለመደ ነው። አትቆፍሩት። ባለ ጥርስ መሰብሰቢያ በቀስታ አሳልፉበት፣ በደንብ አጠጡ፣ ሁለት ሳምንት ማንም እንዳይረግጠው አድርጉ። የድንኳኑ እግር የቆመባቸውን ጉድጓዶች ብቻ በአፈር ሙሉ። ይህ በውሉ ውስጥ የለምና ተጨማሪ ሒሳብ ነው፤ ለቅሶ ከሆነ ግን አትጠይቁ።

«እግረ መንገድህን» መጣ። አንድ ቀን ጀሪካን ማንሣት ነውር የለውም። በሦስተኛው ሳምንት ልማድ ከሆነ እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ ዛሬ አጥሩን ካልጨረስሁ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠነክርብኛል። መኪናውን ከፈለጉ ከሥራ ሰዓቴ በኋላ በሌላ ሒሳብ አጥብልዎታለሁ።» ሳትቆጡ፣ ሥራችሁን ሳታቋርጡ ተናገሩት።

ክፍያ ዘገየ። ከቀኑ ሦስት ቀን ካለፈ አስታውሱ። ሳምንት ካለፈ የሚቀጥለውን ቀን ሥራ ከክፍያው በኋላ እንደምትሠሩ በመልእክት ጻፉ። ሁለት ወር አታሳድሩ፤ የሁለት ወር ዕዳ ያለበት ሰው ስልክ አያነሣም። በቴሌብር ወይም በባንክ መቀበል ማስረጃ ስለሚተውላችሁ ከጥሬ ገንዘብ ይመረጣል።

ባለቤቱ ለወራት ውጭ አገር ሄደ። ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር አስጨርሱ፦ ማን ይከፍላል፣ ማን በር ይከፍታል፣ እስከ ስንት ብር ያለውን ወጪ ሳትጠይቁ ማውጣት ትችላላችሁ። የቤቱን ውስጥ ቁልፍ አትቀበሉ፤ የግቢው በር ብቻ ይበቃችኋል። በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ።

ዋጋ መጨመር አስፈለገ። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ቆማችሁ አትጠይቁ፤ ማስፈራሪያ ይመስላል። ግንቦት ላይ፣ ሣሩ ገና ሳይነሣ፣ ደብተሩን ከፍታችሁ ያለፈውን ክረምት ሰዓት እያሳያችሁ ጠይቁ። ካልተስማሙ 15 ቀኑን ሠርታችሁ ውጡ፦ የግቢውን መሣሪያ በጥበቃው ፊት ቆጥራችሁ አስረክቡ፣ ቁልፉን መልሱ፣ የመጨረሻውን ሒሳብ ተቀብላችሁ መቀበላችሁን በመልእክት አረጋግጡ፣ መቀሳችሁንም እዚያው በረኪና ነክራችሁ ያዙ።